የሦስት ደቂቃ ሙቅ ውሃ

የቦይለሩ ቀይ መብራት በርቶ ሳይ ጣቴ ሳላዘው ወደ ማጥፊያው ይሄዳል።

በአሥራ ስምንት ዓመቴ ቤይሩት፣ ሀደት ሰፈር ውስጥ ክፍል ያካፈሉኝ እትዬ ወርቄ የመብራት ወጪን የሚያሰሉት በስልክ ደቂቃ ነበር። «ያኒ፣ ማለቴ፣ ቦይለሩን ወር ሙሉ ካላበራነው ከእናትሽ ጋር ሦስት ደቂቃ ታወሪያለሽ» አሉኝ። በጥር ብርድ ጥርሴ እየተንገጫገጨ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ። ስሌታቸው አልተሳሳተም፤ ወሩ ሲያልቅ ስልክ ቤት ሄደን ደወልኩ።

«ልጄ፣ ድምፅሽ ምነው ተዘጋ? እዚያ አገር ሙቅ ውሃ የለም እንዴ?» አለች እናቴ።

«ሞልቷል፣ እማዬ» አልኩና ሳልኩ። ሦስቱም ደቂቃ በጉንፋኔ ወሬ አለቀ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ አይዞሽ» አሉኝ እትዬ ወርቄ፣ «በሚመጣው ወር አራት እናደርገዋለን።»

ዛሬም ሙቅ ውሃ ስከፍት ከእናቴ ድምፅ ላይ የቀነስኩ ይመስለኛል።