ሳይነበብ ያለፈ ወረቀት

ልጄ ቀኝ እጇ ሽባ ስለሆነ በግራዋ ነው የምትጽፈው፤ ቀስ ብላ። በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪነት ስትሠለጥን፣ የድርሰት ፈተናዋን ሳትጨርስ ደወል ተደወለና መምህሩ ወረቀቷን ነጠቃት። ይህን ስሰማ ቅቤ በቅል ይዤ ቤቱ ሄድሁ።

«መምህር፣ ስለ እመቤታችን፣ ጎደሎ ናት፣ ይዘኑላት» ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ።

በማግሥቱ «አልፋለች» ብሎ ጻፈላት። እልል ልል ስል ልጄ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። ቀይ ቀለም ያለው ከላይ ብቻ ነበር።

«እማ፣ እኔ ጊዜ ይጨመርልኝ ነው ያልሁት። አንቺ ለምነሽ ምጽዋት አሰጠሽኝ። አላነበቡትም እኮ!»

እንዲያነበው ልትመልስለት ወጣች። አንብቦ ቢጥላትስ ብዬ ፈራሁ፤ ግን አልከለከልኋትም።