ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቶርኖው ዘንድ

በዚያን ዘመን በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ቃለ ጉባኤና መግለጫ ስመታ እሰነብትና ቅዳሜ ከሰዓት ከቦሌ ኤርፖርት ወዲያ፣ ወደ ጉርድ ሾላ በሚወስደው ኮረኮንች ዳር ወዳለ አንድ ግቢ እሄድ ነበር። የግቢው ባለቤት ከአውሮፕላን ጥገና ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ጋራዣቸው ውስጥ ከወዳደቀ ብረትና ከአሮጌ ሞተር ራሳቸው የሠሩት የእንጨት ቶርኖ ነበራቸው። እንጨቱ በሁለት ጫፉ ተይዞ ይሽከረከራል፤ መሮ ስናስጠጋበት እየተላጠ ክብ ሆኖ ይወጣል። ሳህን፣ ኩባያ፣ የሻማ ማስቀመጫ እንሠራለን።

አምስት ነበርን፤ ሴት እኔ ብቻ። እንጀራው ከእንጨት የሆነ ሰው በመካከላችን አልነበረም፤ ደስ ስለሚለን ብቻ ነበር የምንሄደው። ከሁላችንም እጁ የሚያምረው የሒሳብ አስተማሪ የነበረው ሰው ነው። የመጀመሪያው ኩባያዬ ተንጋዶ ሲወጣ አገላብጦ አየውና፣ «ግዴለም፣ ጠጅ ሲጠጡበት ቀጥ ይላል» ብሎ አሳቀኝ።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። የመምህሩ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። አንድ ሐሙስ ከቤት ወሰዷት፤ በማግስቱ አስፋልት ዳር ተጥላ ተገኘች። ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስም እንደዚያው። የቀበሌ ሰዎች እሱንም ጎረቤቱንም ቤት ለቤት እየዞሩ አስጠነቀቁ።

በዚያ ቅዳሜ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። መጣ። ጺሙን ተላጭቷል፤ የዘወትር ግራጫ ኮቱን ለብሷል። «እግዜር ያጽናህ» ለማለት እንኳ ፈርተን መሬት መሬት አየን። አባባ ተነሥተው የጋራዡን በር ዘጉ። ቶርኖው ላይ ምንም እንጨት አልነበረም። እንዲያው ባዶውን አስነሡትና፣

«መምህር፣ ወደዚህ ጠጋ በል» አሉት።

ጠጋ አለ። ሁለት እጁን ማሽኑ ጠርዝ ላይ አሳርፎ አቀረቀረ። አፉ ሲከፈት፣ ትከሻው ሲናጥ አየሁ፤ ድምፁን ግን የሞተሩ ጩኸት ዋጠው። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሁ ቆየ። ከዚያ ፊቱን በመሀረብ ጠርጎ መሮውን አነሣ፤ እኛም ወደየሥራችን ተመለስን። 

በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው፣ በሩ ተበርግዶ አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ።

«ባዶ ማሽን የምታሽከረክሩት ለምንድነው?» ብሎ ጮኸ።

አባባ ደንግጠው ማሽኑን አጠፉት። ማጥፋት አልነበረባቸውም። ጸጥ ሲል የመምህሩ ለቅሶ ብቻውን ቀረ። ሊያቆመው ታገለ፤ አፉን በመዳፉ አፈነ፤ አልሆነለትም። ያን ቀን ነው ድምፁን የሰማሁት።

«ሰጋቱራ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት ነው፣ ልጄ» አሉ አባባ። እሳቸውም ውሸቱ እንደማያዋጣ ያውቃሉ።

ጠባቂው ቀረብ ብሎ አየው። ፊቱ ተለወጠ።

«መምህር?» አለ ቀስ ብሎ።

መምህሩ ቀና ብሎ አየው። ለካ ድሮ አስተምሮት ኖሯል። ሁላችንንም ሊወስደን ነው ብዬ ነበር። ጠባቂው ግን ወደ አባባ ዞረና፣

«አባባ፣ ለምን ያጠፉታል? ያስነሡት» አለ። በሩን ከውጭ ገጥሞልን ሄደ።

ለወራት ይጠቁመናል ብለን ፈራን። አልጠቆመንም። ምን እንደደረሰበት እስከ ዛሬ አላውቅም።

መምህሩ ለዓመታት አብሮን ሠራ። ስለ ልጁ አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። በኋላ አባባ ታመው ሲያርፉ ልጆቻቸው ቤቱን ለቀቁ፣ ቶርኖው ተነቀለ፣ እኛም ተበታተንን።

ደርግ በወደቀበት ዓመት መምህሩ ግቢው ውስጥ ድንኳን ጣለ። ለዚያች ልጅ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ። ሄድኩ። የልጅቷ ፎቶግራፍ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፤ ትምህርት ቤት የተነሣችው ነው። መምህሩ ሸምግሎ ወንዶቹ መካከል ተቀምጧል። ሚስቱን ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም ነበር። ከሴቶቹ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ማን መሆኔን ስነግራቸው እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«እህል የሚቀምሰው ቅዳሜ ከእናንተ ዘንድ ሲመለስ ብቻ ነበር» አሉኝ። «እዚያ አልቅሶ እንደሚመጣ ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ። እግዜር ይስጣችሁ።»

ፎቶግራፉን አየት አደረጉ።

«እኔ ግን የማለቅስበት አልነበረኝም፣ ልጄ። ትራሱን እነክስ ነበር።»

 ያን ሁሉ ቅዳሜ በር ዘግተን ስንጠብቀው፣ ቤት ስለቀረችው እናት ከመካከላችን የጠየቀ የለም። አባባም ሆኑ ሌሎቹ። ሴት የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እስኪመሽ ድረስ ከጎናቸው አልተነሣሁም። እሳቸው ጮክ ብለው፣ ማንንም ሳይፈሩ፣ ስሟን እየጠሩ አለቀሱ።