ምስጢር የማይጠብቅ አፈር

ያን አፈር አልወደውም። ዛሬም ከመቂ ወደ ዝዋይ በመኪና ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞራለሁ። ሰው እንዴት አፈር ይጠላል የሚለኝ ካለ፣ በደርግ ጊዜ እኛ በሰፈርንበት ሜዳ ላይ አንድ ክረምት ከርሞ ይንገረኝ።

ሜዳው ድሮ የሐይቅ ወለል ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ስቆፍር የቀንድ አውጣ ቅርፊት እንደ ጥራጥሬ ተበትኖ አገኘሁና ራሴ ደረስኩበት። አፈሩ በበጋ ዱቄት ነው፤ በሬ ሲሄድበት አቧራው ከቀንዱ በላይ ይነሣል። አንድ ዝናብ መትቶት ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ፊቱ እንደ ቂጣ ይደርቅና፣ የበቀለው በቆሎ ጣራውን ሰብሮ መውጣት አቅቶት ከሥር ጎብጦ ይቀራል። እኔ የተወለድኩት በሸዋ ደጋ፣ በጥቁር መረሬ ላይ ነው። መረሬ ክፉ ቢሆንም ዓመሉን ፊት ለፊት ያሳያል፤ ሲረጥብ እግር ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይኸኛው ግን በጣት ሲያሹት እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ ጠቅልዬ ቀለበት ልሥራው ሲሉት ይበጣጠሳል። ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣውን ግን አሳልፎ አይሰጥም። ጠለቅ ሲሉ ግራጫ ነው፤ በግራጫው ውስጥ የዛገ ሚስማር የመሰለ ቀይ ጅማት ይሮጥበታል። ያ ቀይ፣ ውሃ የቆመበት ምልክት ነው። ሽንት ቤት ስቆፍር ነው ያወቅሁት።

ቀድሞ ቤታችን ግራር ካለበት ጉብታ ላይ ነበር። መንደር ምሥረታ ሲመጣ ካድሬው ሜዳውን መረጠ፤ ቤቶቹን በመስመር ለመደርደር፣ ገመድ ለመዘርጋት ይመቻል። ቤታችንን አፍርሰን፣ እንጨቱን በትከሻችን አውርደን በሰልፍ ሠራን። የእኔ ግቢና የሚስቴ ወንድም ግቢ አጥር ለአጥር ሆኑ።

አማቼ በዕድሜ እኩያዬ ነው። ሥራ አይፈራም፤ ምላሱ ግን ምላጭ ነው። ፊደል ለብቻዬ መቁጠሬን፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ማንበቤን ስለሚያውቅ "ሊቁ" ይለኝ ነበር። ለማክበር አልነበረም።

የዚያን ጊዜ መንግሥት ከምርታችን ላይ ኮታ ብሎ በቆረጠው ዋጋ ይወስድ ነበር። ሁሉም ያማርራል፣ እኔም አማርር ነበር። አማቼ ግን እህሉን ለመቅበር ቆረጠ። ወጣትነቱን ሐረርጌ ደጋ ላይ ሲሠራ ስላሳለፈ፣ የዚያን አገር ሰው ማሽላውን በጉድጓድ ሲያኖር አይቷል፤ ራሱም ቆፍሯል። አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ እስኪደርቅ እሳት ይነድበታል፣ ግድግዳው በእበት ይለቀለቃል፣ ጭድ ይነጠፍበታል፣ እህሉ ከገባ በኋላ አፉ ይደፈናል። እዚያ ያስኬዳል፤ መሬቱ ተዳፋት ነው፣ ውሃ መሄጃ አለው።

ጥር ላይ ጠራኝና ከብቶቹ በሚያድሩበት በረት ውስጥ የቆፈረውን አሳየኝ። ኩራቱ ከፊቱ ላይ ይነበባል። ግድግዳው በቢላ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ደርቋልም።

"እየው፣ እንደ አይብ ነው የሚቆረጠው። አንተም ቆፍር፤ ልጆችህን አታስርብ" አለኝ።

ወርጄ ግድግዳውን በጥፍሬ ፋቅሁት። ቀዩ ጅማት አለ። ክረምት ሲገባ ይህ ጉድጓድ ውሃ እንደሚያቁር ነገርኩት። አፉን በደንብ እደፍነዋለሁ አለ። ውሃው ከታች እንጂ ከላይ እንደማይመጣ ስነግረው ሳቀ።

"ሊቁ፣ ውሃ ሽቅብ ሲሄድ በየትኛው ጋዜጣ አነበብክ?"

እኔ አልቀበርኩም። ኮታውን በአፌ እየተቃወምኩ እህል በጓሮ መደበቅ ለአባት አይገባም ብዬ ለሚስቴ ነገርኳት። እውነቱን ለመናገር ግን የከለከለኝ ሕግ ማክበር አልነበረም፤ አፈሩን አለማመኔ ነው። ኮታ ሰብሳቢዎቹ መጥተው ከጎተራዬ የሚገባቸውን ወሰዱ፤ የማይገባቸውንም ጨመሩበት። በልግ ሲያልቅ የጎተራው ወለል ታየ። ሚስቴ ለልጆቹ ጎመን በጨው ታቀርባለች፤ ከአጥር ማዶ የበቆሎ ቆሎ ይሸታል። አማቼ ወደ ጉድጓዱ ሳያስገባ፣ ለጊዜው ቀለብ ብሎ ያስቀረው ነበረው። በአጥሩ ላይ ብቅ ይልና ይጠይቀኛል።

"ጽድቅን እንዴት ነው የምትበሉት? ይቆላል ወይስ ይቀቀላል?"

ሚስቴ ትሰማለች። አትስቅም፣ ለእኔም አታግዝም።

ክረምት ገባ። ሜዳው ውሃውን ተኝቶ ተቀበለ። መንገዱ ላይ ሰው ሲረግጥ መሬቱ እንደ እርጎ ይንቀጠቀጣል፤ መንደሩ በሙሉ የረጋ ውሃና የከብት ሽንት ይሸታል። በዚያ ሁሉ ሽታ መሐል አንድ ቀን የኮመጠጠ፣ የጠላ ድፍድፍ የመሰለ ሽታ ከአማቼ በረት መጣ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሄጄ አልነገርኩትም። አንዴ ነግሬዋለሁ፤ በቆሎውን ለማዳንም ጊዜው አልፏል።

ሽታውን የለየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። የገበሬ ማኅበሩ ጠባቂዎች ሲያልፉ ቆም አሉ፤ ጠላ ጠማቂ እንደሌለ ያውቃሉ። በረቱን በዶማ ፈነቀሉት፣ በቆሎውን በዝናብ አስጥተው አማቼን አስረው ወሰዱት።

ተፈትቶ ሲመለስ የመጀመሪያ ቃሉ ስለ እኔ ነበር። እህሌ ደኅና ነበር፣ ያበላሸው ሲከፍቱት የገባበት ዝናብ ነው አለ። ጉድጓዱን ከቤተሰቡ ውጭ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሊቁ ነው አለ። ነገሩ በሰልፍ በተሠሩት ቤቶች ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። በዚያ ዘመን ጠቋሚ የተባለ ሰው ሰላምታ አያገኝም፤ ሲሞትም ቀባሪ አያገኝም።

ሚስቴ ማድቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ሳትጮህ፣ "ወንድሜን ሸጠኸው ከሆነ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ" አለችኝ። እንደማትቀልድ አውቃለሁ። አልሸጥኩትም አልኳት። ገብታ የልጆቹን ልብስ መቋጠር ጀመረች፤ በቃል ብቻ እንደማላሳምናት ተረዳሁ።

ስለዚህ ሽማግሌ ያስቀመጥኩት ራሴ ነኝ። በግቢዬ ተሰበሰቡ። ከመሐላቸው የበላዩ፣ እኛ ሳንመጣ በዚያ ሜዳ ከብት ያግድ የነበረ የኦሮሞ አዛውንት ነበር። በወጉ መሠረት እንድምል ጠየቀኝ።

"መሐላ ለሌባም አይከብድም፣ አባቴ። ይቆፈር። ከታች ውሃ ከመጣ፣ እህሉን ያበሰበሰውና ጠባቂ የጠራው መሬቱ ነው። ደረቅ ከሆነ እኔ ነኝ።"

"የት ነው የሚቆፈረው?"

"እሱ ይምረጥ" አልኩ።

አማቼ ግቢዬን በዓይኑ ዞረው። ከዚያ ዶማውን አንሥቶ ቤቴ ማዕዘን ሥር፣ ከጣራው ክዳን በታች፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ ላይ ተከለው። ደረቅ ስለሆነ ብቻ አልነበረም የመረጠው፤ የማዕዘኑ ቋሚ የተተከለበት ቦታ ነው። አየሁት፣ አልከለከልኩትም። ቃል ሰጥቻለሁ።

የላይኛው ዱቄት ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሚስቴ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማለች። ጉድጓዱ እስከ ጉልበት ሲደርስ ዶማው ድምፁን ለወጠ። ግራጫው መጣ፣ ቀዩ ጅማት መጣ፣ ከጎኑ ውሃ ማላብ ጀመረ። አማቼ አላቆመም። ግድግዳው ተንሸራቶ በእግሩ ላይ ፈሰሰ፤ የሸተተ ጭቃ እስከ ባቱ ያዘው። አዛውንቱ አጎንብሶ እጁን ነከረና "ቢሻን" አለ፤ በኦሮምኛ ውሃ ማለቱ ነው።

አማቼ ከጉድጓዱ ሳይወጣ ቀና ብሎ አየኝ።

"ውሃውም የአንተ ወገን ሆነ" አለኝ።

ሽማግሌዎቹ እርቅ አወረዱ። እጅ ተጨባበጥን፤ የእሱ እጅ በጭቃ ነበር፣ አልጠረገውም። ሚስቴ ወደ ውስጥ ገብታ የልጆቹን ልብስ ከቋጠረችበት ፈታች። ጉድጓዱን ብደፍነውም የቤቴ ማዕዘን በዚያው ክረምት ሰመጠ፤ ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ በሩም ከዚያ በኋላ ገጥሞ አልዘጋም። ስሜን ያጸዳሁት በቤቴ ማዕዘን ነው። ክስ ግን አላነሣሁበትም። ቦታውን ይምረጥ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሰው በገዛ አፉ የገባበትን በገዛ ጀርባው ይሸከም።

በደርግ መጨረሻ ወደ ቀድሞ ቦታችሁ መመለስ ትችላላችሁ ሲባል ያን መንደር ያፈረስነው ሳንተያይ ነበር። እያንዳንዱ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ጉብታው ወጣ። አማቼ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከግራሩ በታች ቦታ ያዘ። ምሰሶ ከማቆሙ በፊት ጉልበት የሚያክል ጉድጓድ ቆፈረና እንዲሁ ክፍቱን ተወው። ዝናብ እስኪጥል ጠበቀ። ሲያባራ መጣና ውሃ እንዳልቆመበት አይቶ፣ በርከክ ብሎ እጁን ሰደደ፤ አፈሩን በጣቱ አሸው፣ ቀለበት አድርጎ ሊጠቀልለውም ሞከረ።

እኔ አጥሬን እየሠራሁ አየው ነበር። እንደማየው ያውቃል። ሰላም አላለኝም፣ እኔም አላልኩትም። እጁን በሱሪው ጠረገና ምሰሶውን ተከለ።