የእሮብ ድመት

ድመት ድሮም አልወድም። ሳውዲ፣ የየመን ድንበር አጠገብ ባለችው አል-ዓሪዳ በሰው ቤት ስሠራ ግን፣ እሮብና አርብ ለእኔ የሚወጣልኝን ሥጋ በጓሮ በር እየወረወርኩ አንዷን አወፈርኳት። ምን ላድርግ? ፓስፖርቴ ዘሃራ ይላል፤ ክርስቲያን መሆኔ ከታወቀ ያባርሩኛል። የማዳም እናት፣ አሮጊቷ ሐጃ፣ ታዲያ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከእኔ አይነቅሉም። ምን እያሰቡ ይሆን እያልኩ በሐሳብ አለቅኩ።

የድንበሩ ተኩስ ሲብስ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ልጆቹ ሁልጊዜ ቤት ሲውሉ እኔም ቀኑ ጠፋብኝ። አንድ ቀን ምሳ ላይ የዶሮ እግር አንስቼ ልገምጥ ስል፣ ሐጃ እጄን ለቀም አደረጉኝ።

«ዘሃራ፣ ዛሬ እኮ እሮብ ነው! ድመቷ ምን ትብላ?»