ሁለት ነጭ ጆጎች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ሁሉ ስናዘዝ ይህን ዘልዬዋለሁ። ሥራዬ ዘገባ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ማን፣ መቼ፣ የት እያልኩ የሌላ ሰው ጥፋት ስጽፍ ኖሬያለሁ። ዛሬ የምጽፈው የራሴን ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳውቅ። ሴትየዋን እናኑ ብያቸዋለሁ፤ ስማቸው አይደለም። አምበር ያልኩት ቦታ አምበር ላይሆን ይችላል፣ ወይራ ያልኩት ዛፍም ወይራ አይደለም። በሥራ ዘመኔ አውቄ ትክክል ያልሆነ ነገር ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያን ጊዜ እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ሽንት መቋጠር አቅቶኝ ነበር። ከስብሰባ መሀል እነሳለሁ፤ አንዳንዴ በር ሳልደርስ ያመልጠኛል። ጥቁር ሱሪ ብቻ መልበስ ጀመርኩ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ሕክምና ቤት የሽንት ፊኛ ችግር ባለባቸው ሰዎች ላይ ጥናት እንደጀመረ ስሰማ ሄጄ ተመዘገብኩ። ጋዜጠኛ ነኝ አላልኩም፤ "የመንግሥት ሠራተኛ" አልኩ። ሲስተሯ የስምምነት ወረቀቱን አነበቡልኝ። በስም ሳይሆን በቁጥር እንደምያዝ፣ መድኃኒቱ ሊረዳኝም ላይረዳኝም እንደሚችል፣ በፈለግኩ ቀን ማቆም እንደምችል ነገሩኝ። ፈረምኩ። መስመር ያለው ነጭ የፕላስቲክ ጆግ ሰጡኝ። በየወሩ ሦስት ቀን የምሸናውን እየለካሁ መመዝገብ ነበረብኝ።

እትዬ እናኑን ያገኘኋቸው ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ነው። እሳቸው ጆጋቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል፤ እኔ የእኔን በጋዜጣ ጠቅልያለሁ። ቅርጹን ሲያዩ አወቁት።

"ከረባት ያሰረም ያመልጠዋል እንዴ?" አሉኝ።

"ያመልጠዋል፣ እትዬ።"

"እንግዲያ ከረባቱን ወረድ አድርገህ ብታስረው ይሻልህ ነበር!"

ሳቅሁ። በዚያ ሕመም ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ወዲያ በየቀጠሮው ጎን ለጎን እንቀመጥ ነበር። ሰው ለሐኪም የማይነግረውን አጠገቡ ለተቀመጠ በሽተኛ ይነግራል። እሳቸውም ነገሩኝ።

የመጨረሻ ልጃቸውን ከወለዱ ጀምሮ ሽንት ያመልጣቸዋል። ልጅቱ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ገብተው አያውቁም። ከቅጥሩ ውጭ፣ ወይራው ሥር ቆመው ቅዳሴውን ይሰማሉ። የንስሐ አባታቸው ሕመም ኃጢአት አይደለም፣ ግቢ ብለዋቸዋል። "በእርጥብ ቀሚስ እንዴት ብዬ ልግባ?" ይላሉ እትዬ እናኑ። አገሬው ምክንያቱን አያውቅም፤ ስለት አለባቸው ብሎ ያከብራቸዋል። እሳቸውም አላስተባበሉም።

ፊደል ስለማይለዩ ቅጹን የሚሞሉት በእህል ነበር። ሽንታቸውን በወጉ ለሸኑበት አንድ ባቄላ፣ ላመለጣቸው አንድ ሽንብራ በጨርቅ ይቋጥራሉ፤ ሲስተሯ ፈትተው ይቆጥራሉ። አንድ ቀን ቋጠሮውን በመዳፋቸው እየመዘኑ፣ "ሽንብራው ወርዷል" አሉኝ። "ባቄላው ይብዛ፣ ግድ የለኝም። ሽንብራው ከጠፋልኝ ለኅዳር ጽዮን ገብቼ አስቀድሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ብሞትም እሺ።" ቀጥለው ደግሞ፣ "ይህን ላንተ ብቻ ነው የነገርሁ። እንደኔው ስለሆንህ" አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ለሬዲዮ ጣቢያችን ስለ ጥናቱ ዘገባ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። አለቃዬ የመጀመሪያውን ረቂቅ አይቶ፣ "ሰው የለበትም። ሰው የሌለበትን ማን ያዳምጣል?" ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው። ሰው ያስፈልግ ነበር። ሁለት ሰው ነበረኝ። አንዱ እኔ ነበርኩ።

ለምን የራሴን አልጻፍኩም? ጆጉ ቤቴ አለ፤ የለካሁበት ቅጽ በእጄ ነው፤ ምስክርም ማስረጃም እኔው ነኝ። አፈርኩ። አፍሬም የእሳቸውን ጻፍኩ። በአምበር አካባቢ የሚኖሩ፣ ከቅጥር ውጭ ወይራ ሥር ቆመው የሚያስቀድሱ እናት አልኩ። ባቄላውን ጻፍኩ፣ ሽንብራውን ጻፍኩ፣ አልጋ ሥር የሚቀመጠውን ነጭ ጆግ ጻፍኩ። ስማቸውን አልጠራሁም። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ደጋገምኩት! ስማቸውን አልጠራሁም፤ የዘገባ ሕግ አልጣስኩም፤ አንድም የተሳሳተ ነገር አልጻፍኩም። ያጠፋቸውም ይኸው ነው፤ የተሳሳተ ነገር ቢኖርበት ይተርፉ ነበር። ዘገባውን ሌላ ሰው አነበበው። ገበያ ቀን ተላለፈ።

በቀጣዩ ቀጠሮ እትዬ እናኑ አልመጡም። ሲስተሯ አቋርጠዋል አሉኝ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። የባቄላውን ነገር ከራሳቸው ከእትዬ እናኑ ሌላ የሚያውቀው ሲስተሯ ብቻ ናቸው ተብሎ ተጠይቀው ነበር። ከጥናቱ አውጥተው ካርድ ክፍል መደቧቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ እዚያው አግዳሚ ላይ ጆጌን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ዘገባው የእኔ ነው አላልኩም።

ኅዳር ጽዮን ካለፈ በኋላ ልነግራቸው ወደ አምበር ሄድኩ። አህያ የሚነዳ ሰው አግኝቼ፣ ወይራው ሥር የሚያስቀድሱት ሴት ቤት የት እንደሆነ ጠየቅሁት። "ባለ ጆጓን ነው?" አለኝ፤ በዱላው አሳየኝ።

እትዬ እናኑ በደስታ ተቀበሉኝ። ቀሚሳቸው እርጥብ ነበር። ያ ወሬ የተሰማ ወር የማርያም ማኅበር ተራቸው እንደነበር ነገሩኝ። ጠላው ደርሷል፤ ድፎው ተጋግሯል።

"ይቀራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር" አሉ። "አልቀሩም፤ ሁሉም መጡ። ተቀመጡና እያንዳንዷ ከነጠላዋ ሥር የየራሷን ብርጭቆ አወጣች። ሠላሳ ዓመት አብረን የጠጣን! ጽዋውን የምትረከበዋም 'እዚሁ ይቆይ፣ ሌላ እንገዛለን' አለችኝ። ያውልህ።"

ጽዋው መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነውታል። ወይራው ሥር መቆምም ትተዋል።

ተነሥተው ጠላ ቀዱልኝ። ብርጭቆውን ተቀበልኩ። ያን ጊዜ ዓይኔ ሳላዘው ጓዳውን ቃኘ። ጆጉን ፈለገ። እኔ! ያንኑ ጆግ ቤቴ ያስቀመጥኩ፣ ከዚያው አግዳሚ ላይ የተነሣሁ ሰው!

አዩኝ። "አልጋው ሥር ነው" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ለብቻው ነው የሚቀመጥ። አንተም፣ ወንድሜ?"

ጠላውን እስከ አተላው ጠጣሁት። ምን ይጠቅማል? ዓይኔን አይተውታል።

ባዶውን ብርጭቆ ተቀበሉኝና፣ "ሲስተሯ ናት ይላሉ" አሉ። "እኔ አላየሁም፤ ባላየሁት አልረግማትም። ይህን ያወራብኝን ሰው ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ እመቤቴ ትፍረድበት።"

"አሜን" አልኩ።

አሜን አልኩ። ልማድ ነው ብዬ አላመካኝም። አፌ ተከፍቶ ነበር፤ "እኔ ነኝ" ለማለት ከዚያ የበለጠ ጊዜ አይፈጅም። የሄድኩት ያን ለማለት ነበር። ተሰናብቼ ወጣሁ፤ እስከ ደጅ ሸኙኝ፤ "እግዜር ይማርህ፣ አንተ እንኳ ድነህ ልይህ" አሉኝ።

ድኛለሁ። ጥናቱን ጨረስኩ፤ መድኃኒቱ ሠራልኝ። አሁን ጥቁር ሱሪ ምርጫዬ እንጂ ግዴታዬ አይደለም። ሲስተሯ አሁንም ካርድ ክፍል ናቸው፤ ካርዴን ሲሰጡኝ "እንደምን ሰነበቱ" ይሉኛል። ከእናንተ ከአንባቢዎቼ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም፣ ይቅር የማለት መብቱም የእናንተ አይደለም።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ፤ ደረቅ ነኝና የሚከለክለኝ የለም። ካህኑ ሲባርኩ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። እኔ ዝም እላለሁ። አንድ ጊዜ ብያለሁ።