ዕዝራና እሺ ባዩ

ዕዝራ እንደ ሰው መጥፎ ነው አልልም፤ እንደ ፕሮግራመር ግን እንቀዋለሁ። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ያለ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተያይዘን አራት ዓመት ሠርተናል። እሱ ይጽፋል፤ እኔ የጻፈውን አይቼ አጸድቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ማኪያቶውን ይዞ ሲገባ ስክሪኑን ወደኔ ያዞርና፣ "ሰምሃር፣ አረንጓዴ" ይለኛል። ፈተናው ሁሉ አልፏል ማለቱ ነው። አንድ ቀን እንኳ ወድቆበት አያውቅም። እሱን የሚያኮራው ይህ ነው፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

የማይወድቅበት ምክንያት ግልጽ ነው። በኛ ሥራ ሞክ የሚባል ነገር አለ። ፕሮግራምህ ከውጭ አገልግሎት ጋር የሚነጋገር ከሆነ፣ ስትፈትነው እውነተኛውን አገልግሎት ትተህ በቦታው አስመሳይ ታቆማለህ። አስመሳዩ ምን ሲጠየቅ ምን እንደሚመልስ የምትነግረው አንተው ነህ። ነገሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ለሙከራ ብሎ በሦስት መቶ ሰው ስልክ የሞት ወሬ የሚልክ የለም። ዕዝራ ግን እውነተኛውን ከነጭራሹ ረሳው። የመሰለውን ለአስመሳዩ ይነግረዋል፣ መልሶ ይጠይቀዋል፣ አስመሳዩም እሺ ይለዋል። ራሱ ጠያቂ፣ ራሱ መላሽ፣ ራሱ አጨብጫቢ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የዶሮ ማነቂያ ዕድር ሥራ ሰጠን። ዕዝራ የተወለደው እዚያ ነው፤ እሱም እናቱም የዕድሩ አባል ናቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ ዕድርተኛው ገላንና ጀሞ ተበተነ፤ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ የኪዳነማርያም ጥሩምባ ደግሞ እዚያ ድረስ አይሰማም። ስለዚህ ሰው ሲሞት ለሁሉም በአንዴ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ፈለጉ። አንድ ጥብቅ ደንብ ነበራቸው፦ መርዶ በሌሊት አይነገርም። መልእክቱ የሚወጣው ሲነጋ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

ከማስረከባችን በፊት፣ "በእውነተኛው የመልእክት መላኪያ አገልግሎት አንድ መልእክት ለአንድ ሰው ላክና እንይ" አልኩት።

"አቦ አታካብጂ። ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ሰው ለምን እናስቸግራለን?"

ተከራክሬ ተከራክሬ ሰለቸኝና አጸደቅኩለት።

በርክክቡ ስብሰባ ላይ እትዬ አክበረት ተነሡ። ባለቤታቸው አቶ ግደይ አልጋ ከያዙ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ ጎረቤት የሚሉት ሰው አላገኙም። ድሮ ከዕዝራ እናት ጋር ግድግዳ ይጋሩ ነበር።

"ልጄ፣ ግደይ አንድ ነገር የሆነ እንደሆነ ሰው ይሰማል?" ብለው ጠየቁት።

"እትዬ፣ እርስዎ አያስቡ። በሦስት ሴኮንድ ሁሉም ጋ ይደርሳል።"

አቶ ግደይ በግንቦት አንድ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ዐረፉ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ወልደሥላሴ ቅጹን ሞሉ፤ ቀብሩ ረቡዕ በአምስት ሰዓት፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ። ስክሪኑ አረንጓዴ ምልክት አሳያቸው። እሳቸውም አምነው ተኙ።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ የዕዝራ ስልክ ጮኸ። አጠገቡ ነበርኩ። መልእክቱን አነበበና ፊቱ ዐመድ መሰለ። አቶ ግደይ ስላረፉ ቀብራቸው ዛሬ በአምስት ሰዓት ይፈጸማል ይላል።

እውነተኛው አገልግሎት ሰዓት የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነው፤ አሥራ ሁለት ሲሉት ቀትር ነው የሚመስለው። አስመሳዩን ግን ያስተማረው ዕዝራ ስለሆነ የሚቆጥረው እንደ ዕዝራ እናት ነበር፤ አሥራ ሁለት ሲሉት ነጋ ይላል። ሌላ አገር ያለ ጀማሪ ቢፈልግ እንኳ የማይሠራውን ስህተት፣ አራት ዓመት የሠራ የአራዳ ልጅ ሠራው። ያጸደቅኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ንቀቴ ለራሴም ይተርፋል።

ከሦስት መቶ ሃያ አባወራ ቀብር የደረሱት ዘጠኝ ናቸው። ድንኳን አልተተከለም። አቶ ወልደሥላሴ መንገድ ተዘግቶባቸው ይሆናል እያሉ ሰው ሲጠብቁ ካህናቱ ጸሎቱን ጨረሱ። አስከሬኑን ለመሸከም ሰው ስላነሰ የመኪናው ሾፌር አገዘ።

በሦስተኛው ቀን ከዕዝራ ጋር ለቅሶ ልንደርስ ጀሞ ሄድን። ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን ላፕቶፕ ይዞ ነው የመጣው። ለቅሶ ቤት፣ ላፕቶፕ። ከተቀመጠ በኋላ ከፈተው።

"እትዬ፣ በኔ በኩል ስህተት የለም" አላቸው። "ሁለት መቶ አሥር ፈተና አልፏል፤ ይኸው ይዩት። የላኪው ድርጅት ሰዓት ነው ያበላሸው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ አክበረት ስክሪኑን አላዩም።

"ስትሞክረው ለማን ላክኸው?"

"ለማንም። ሰው እንዳናስቸግር ብለን በአስመሳይ ነው የምንሞክረው።"

ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ብታስቸግረኝ ምን ነበረበት ልጄ?" አሉት። "እኔ እኮ ባሌን ብቻዬን ነው የቀበርኩት።"