ሁለት ደቂቃ በረዶ

ቆቦ ጭማቂ ቤት ገብቼ በረዶ ሲሰበር በሰማሁ ቁጥር ከአባቴ ጋር ጤና ጣቢያ የሄድንበት ቀን ትዝ ይለኛል።

ያኔ የአባቴ የግራ ዐይን ቆብ ጠዋት ጠዋት ደህና ሆኖ፣ አሥር ሰዓት ሲሆን ይወድቅ ነበር። ማሽላ ሲጠብቅ አንዷ ወፍ ሁለት ሆና ትታየዋለች። ጎረቤታችን ጋሽ አሊ "ሰይዶ፣ ጫቱን ቀንስ" እያሉ ይስቁበታል። ጎብዬ ከተማ ያለ የባህል መድኃኒት አዋቂ ቅንድቡን ሁለቴ በምላጭ በጥቶታል።

የዚያን ቀን ሐኪሙ ከክትባት ማቀዝቀዣ በረዶ አውጥቶ፣ በጓንት ጠቅልሎ ዐይኑ ላይ ሁለት ደቂቃ ያዘለት። ሲያነሳው ቆቡ ተከፍቷል።

"ጫትም እንቅልፍም አይደለም። ነርቩ ጡንቻውን ማዘዝ አቅቶት ነው። በረዶው የከፈተው ብዙ አይቆይም። ኪኒን አለው፤ ከደሴ ማስመጣት ነው" አለ። በሽታው ማያስቴኒያ ግራቪስ እንደሚባል ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው።

አባቴ ስለ ኪኒኑ አልጠየቀም። እጄን ይዞ ወጣ።

"ቶሎ በይ ልጄ፣ ሳይወድቅ አሊ ይየኝ።"

በዚያ ሐሩር እየሮጥን ደጃቸው ስንደርስ ቆቡ ወድቋል። ጋሽ አሊ ቀና ብለው "ዛሬስ የት ቅመህ መጣህ?" አሉት። አባቴ ቆቡን በጣቱ ደግፎ ወደ ቤት ገባ።

ኪኒኑ አሁንም የሚመጣው ከደሴ ነው። መንገድ የተዘጋ ሰሞን አባቴ ከሰዓት በኋላ ከቤት አይወጣም።